ሞግዚቷ ከሃያ ስንት አገኘች?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ምስር ቀቀልኩ። ጨው በዛበት፤ የበላሁት ብቻዬን ስለሆነ ቅሬታ አልቀረበም። ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄን ዳናኢን ከመዋዕለ ሕፃናት አመጣሁ። የዐሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እዚህ ፒሬያስ፣ በካስቴላ ዳገት ላይ ያለ ድመት ሁሉ በየስሙ ሰላም መባል አለበት... አምስት ዓመቷ ነው። እኔ የተማሪዎቼን ስም የማውቀውን ያህል እሷ የድመቶቹን ታውቃለች።

ማምሻውን ሚርቶ ከላይ ወረደች። ልጄ ወደ እኔ ስትወርድ ነጠላ ጫማ ካደረገች ለወሬ ነው፤ ሽፍን ጫማ ካደረገች ለጉዳይ። ሽፍን ጫማ።

"እማዬ፣ ዲሴምበር ሁለት ኮሪያ እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት።"

"ደግ። ልጅቷ እኔ ጋ ትሆናለች።"

"አትሆንም። አብራን የምትኖር ሞግዚት እንቀጥራለን።"

ሥራዋ መርከብ መመርመር ነው። መርከቡ ከውኃ ሲወጣ ሆዱ ሥር ገብታ ብረቱን እያንኳኳች ስንጥቅ ትፈልጋለች። የሰው ስንጥቅ ግን አይታያትም፤ ባሏን ያገባችው እንዲያ ሆኖ ነው። እሱ ዛሬ ቀርጤስ ውስጥ ጀልባ ያከራያል። ለፋሲካ ካርድ ይልካል።

"እኔስ ምን ጎደለኝ?" አልኳት።

"ምንም። ዳሌሽ ብረት የገባበት ነው። ከአንቺ በር እስከ እኔ በር አርባ ሁለት ደረጃ ነው። ሌሊት ልጅቷ ብትጠራሽ ስትደርሺ ይነጋል። ደግሞ ሰባ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው።"

"ሰባ ስምንት ተኩል።"

ተስማማን፤ በአንድ ውል። ፈታኟ እኔ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ሰው መፈተን ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው? አዲስ ደብተር አወጣሁ። ማርክ ከሃያ፣ በትምህርት ቤት እንደነበረው። ማለፊያው ዐሥራ ስምንት። በዕድሜዬ ሃያ የሰጠሁት ለሦስት ተማሪዎች ብቻ ነው። አንዷ ሞታለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

የብሔራዊ በዓሉ የትምህርት ቤቶች ሰልፍ። ዳናኢ ባንዲራ ይዛ ቀኝ ሲባል ግራ፣ ግራ ሲባል ቀኝ ረገጠች፤ መሐል ላይ ቆማ ለፖሊሱ እጇን አውለበለበች። ዓይኔ እንባ አቀረረ... ንፋስ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ኔፌሊ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ። ስለ ሕፃናት ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ማስቲካ።

"ልጅ ሾርባ አልበላም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ስሜቷን አዳምጣለሁ።"

"ሾርባውስ?"

"ሾርባው ይጠብቃል።"

ሾርባ አይጠብቅም። ይቀዘቅዛል። ይህን ነገርኳት። ማስቲካዋን ከግራ ጉንጭ ወደ ቀኝ ጉንጭ አዛወረች። ስትሰናበት ደግሞ "ቻው ያያዬ" አለችኝ። የማን አያት?

ዘጠኝ።

ሚርቶ፦ "እኔ ወድጃታለሁ እኮ።" አንቺማ ሁሉን ትወጃለሽ። ቀርጤስን አስታውሺ... አላልኩም። አሰብኩ እንጂ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሁለተኛዋ ወይዘሮ ናት፤ ኪሪያ አንቱላ። ስልሳ አንድ ዓመት፣ የተተኮሰ ቀሚስ፣ ንጹሕ ጥፍር። ደስ አለኝ። ከመቀመጧ በፊት ሦስቱንም መስኮት ዘጋች።

"ልጅ የሚታመመው በንፋስ ነው፣ ኪሪያ ስቲሊያኒ። በግራ ጆሮ ይገባል፣ ሆድ ላይ ይቀመጣል።"

"በቀኝ ጆሮስ?"

"በቀኝም ይገባል፤ ግን ቀስ ብሎ።"

ቤት ውስጥ ለዳናኢ አንገት ልብስ አደረገችላት፤ በላዩ ሌላ። ልጅቷ ዓይኗ ብቻ ቀረ። "ያያ፣ ሴትዮዋ ሊጠቀልሉኝ ነው?" አለችኝ። አሥራ አንድ። ለጥፍሯ ስል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ሦስተኛዋ። ስሟን ለመጻፍ ቀለም አላባክንም። የቀድሞ አሠሪዋን ስልክ ሰጠችኝ፤ "የሐኪሙ ሚስት ናቸው፣ ስለ እኔ ይነግሩዎታል።" እኔ ደግሞ ነገን አልጠብቅም። እዚያው ፊቷ ላይ በቤት ስልክ ደወልኩ።

ቦርሳዋ ጮኸ።

እሷ ቦርሳውን አየች። እኔም አየሁ። ዳናኢ ተጠግታ ጆሮዋን አስጠጋች።

"ያያ፣ የሐኪሙ ሚስት ቦርሳው ውስጥ ናቸው?"

ሁለት። ሁለቱም ለድፍረት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ሚርቶ ለአንድ ቀን ሲሮስ ደሴት ሄዳለች፤ እዚያ የምትመረምረው አንድ የጭነት መርከብ አለ። ዳናኢና እኔ ብቻችንን ነን። እሰይ! ይህን ሁሉ ተፈታኝ ለምን እናደክማለን?

በዘጠኝ ሰዓት የዳናኢ ጨሌ ከቁምሳጥኑ ሥር ገባ። ተንበረከኩ። ጨሌውን አወጣሁ። ከዚያ...

"ያያ፣ ተነሺ።"

"እያሰብኩ ነው።"

"መሬት ላይ ነው የሚታሰበው?"

መነሣት አቃተኝ። ዳሌዬ እንቢ አለ። በግድግዳው ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ። ልጅቷ መጀመሪያ ትራስ አመጣች፣ ቀጥሎ ብርድ ልብስ፣ ቀጥሎ ብስኩት፤ በመጨረሻ እንዳልፈራ ብላ አሻንጉሊቷን አጠገቤ አስቀመጠች። በኋላ እየተሳብኩ ወንበሩ ጋ ደርሼ ወጣሁ።

"ለእናትሽ አንነግራትም።"

"ምስጢር ነው?"

"አይደለም። ተራ ነገር ነው።"

ይህ ፈተና ቢሆን ለራሴ ስንት እሰጥ ነበር? ደብተሩን ከፍቼ ስሜን ጻፍኩ። ማርኩን አልጻፍኩም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሽፍን ጫማ።

"እማዬ፣ ሃምቡርግ ላይ የቢሮ ሥራ አለ ብለውኛል። ጉዞ የለበትም። እስከዚህ ወር መጨረሻ ሞግዚት ካላገኘን እሺ እላቸዋለሁ። ዳናኢን ይዣት እሄዳለሁ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለስንት ጊዜ ይባላል እንዴ? ለመኖር።"

"እዚያ ባሕር የለም።"

"ትልቅ ወንዝ አለ።"

ወንዝ! ፒሬያስ ለተወለደች ልጅ ወንዝ!

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። "መሬት ላይ መቀመጥሽንም ሰምቻለሁ። ብስኩቱ ጥሩ ነበር አሉ።"

ብቻዬን ቀረሁ። የሦስቱን ማርክ እንደገና አየሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለም... ማስቲካ አምስት ነጥብ አያስቀንስም ነበር። ኪሪያ አንቱላም መስኮት እንድትከፍት ልትለመን ትችል ነበር። እኔ የፈለግሁት ሁሉም እንዲወድቁ ነው። ሁሉም ቢወድቁ የምቀረው እኔ ነኝ ብዬ። ለካ ሁሉም ሲወድቁ ልጅቷ ሃምቡርግ ትሄዳለች። ይህን ስሌት ያስተማርኩት ማንን ነበር? የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንኳ አይስተውም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

የገና ጾም ገባ። ዓሣ፣ ወይራ፣ ምስር። ማለፊያው ከዛሬ ጀምሮ ዐሥራ አምስት... ዐሥራ አራት ተኩል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ሚርቶ ሌላ ሴት አገኘች። የሥራ ባልደረባዋ አመልክቷት ነው።

"የተመቻት ቀን ረቡዕ ሃያ ስድስት ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።"

"በስሜ ቀን! በቅዱስ ስቲሊያኖስ ዕለት፣ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ?"

"ሌላ ቀን የላትም፣ እኛም የለንም። እኔ ትንሽ ዘግይቼ እደርሳለሁ። ሴትዮዋ ማለት..."

"ዝም በይ! አንድ ቃል እንዳትነግሪኝ። ስሟንም። ፈታኝ የተፈታኙን ስም ሸፍኖ ነው ወረቀት የሚያርም።"

"እንዳልሽ," አለችና ሣቀች። ምን ያስቃል?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ሳሎኑን ከፈትኩ። በዓመት አንድ ቀን ነው የሚከፈተው፤ እናቴም እንደዚሁ ታደርግ ነበር። ከሶፋዎቹ ላይ ነጩን ጨርቅ ገፈፍኩ፣ የብር ዕቃውን ወለወልኩ፣ የብርቱካን ልጣጭ ጣፋጩን በብርጭቆ አወጣሁ። የዱቄት ኬኩ ያለ ቅቤ። ከቅዱስ ስቲሊያኖስ ሥዕል ላይ አቧራ ጠረግሁ፤ ሕፃኑን እንዳቀፉ ናቸው። የሕፃናት ጠባቂ ናቸውና በዚህ ወር ሥራ ሳይበዛባቸው አልቀረም።

ዳናኢ ደፉ ላይ ቆማ ታያለች። መግባት እንደማይፈቀድ ታውቃለች።

"ያያ፣ የኔ የስም ቀን መቼ ነው?"

ይኸው መጣ። ዳናኢ የምትባል ቅድስት የለችም። እንደ ደንቡ በአያቷ ስም ስቲሊያኒ መባል ነበረባት፤ እናቷ ከአፈ ታሪክ መጽሐፍ ስም አወጣችላት። አምስት ዓመት ሙሉ ተናገርኩ፤ ዛሬ ግን ልጅቷ ምን በድላ?

"የኔን ግማሽ እሰጥሻለሁ።"

አሰበች። "በበሩ በኩል ያለውን ግማሽ ነው የምፈልገው።"

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

የስሜ ቀን። በሩ ተከፍቷል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ትናንት ሌላ ቃል አልጻፍኩም። ዛሬም እጄ ያፍራል። በቅደም ተከተል ይሁን።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ (አያት ሆነዋል፤ አሁንም ስገባ ብድግ ይላሉ)፣ መድኃኒት ሻጩ፣ የአጎቴ ልጆች። ዳናኢ በበሩ ላይ ቆማ ለገባው ሁሉ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግማሹ የኔ ነው" ትላለች።

በአሥራ አንድ ተኩል የአንደኛ ፎቅ ጎረቤቴ ፓጎና ገባች፤ ከፊት ለፊቷ አንዲት ትከሻ ሰፊ ሴት እየገፋች። አምሳ ዓመት ይሆናታል። ስትናገር ከጥቁር ባሕር ማዶ የመጣች ትመስላለች። የፓጎና ወንድም ሚስት ከዚያው ናት፤ እሷን አምጥታት ነው አልኩ። ደግሞስ በስም ቀን የመጣ ሰው "ማን ነዎት?" ይባላል? ነውር ነው። የመጣ መጣ ነው፤ ይቀመጣል፣ አፉን ያጣፍጣል።

"ብዙ ዓመት ያኑርዎት," አለችኝ። "እኔ እንኳ የመጣሁት..."

"መጀመሪያ ጣፋጩን!" ማንኪያውን ላጎርሳት ትንሽ ቀረኝ።

ዋጠች። "በጣም ይጣፍጣል። የመጣሁት..."

"ውኃ ይጠጡበት።"

ጠጣች። ከዚያ ከቦርሳዋ ረጅም፣ ቡናማ፣ ወዛም ጧፍ አወጣችና ሰጠችኝ። ስለቴን ላድርስ ብላ ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ወስጄ በቅዱስ ስቲሊያኖስ ፊት አቆምኩት። ክብሪት ስፈልግ ዳናኢ ጫፉን ገመጠችው።

"ያያ! ጧፉ ውስጥ ዋልነት አለ!"

ለካ ዋልነት በክር ተሰክቶ በወይን ጭማቂ ተነክሮ የደረቀ ጣፋጭ ነው፤ የአገሯ። ሴትዮዋ እስክታለቅስ ሣቀች። እኔም። በምድር ላይ ስንት ጊዜ እንዲያ ሥቄ አውቃለሁ?

ከጎኗ ተቀመጥኩ። "ክፍሉ እንዴት ያምራል," አለች። "ልጅቷ እዚህ ነው የምትጫወተው?"

"አይፈቀድም። በዓመት አንዴ ነው የሚከፈተው።"

"ታዲያ ከእርስዎ ጋር የት ትሆናለች?"

ይህን ነገር ምን እንዳስወጣው አላውቅም። እንግዳ ሰው፣ ዳግመኛ የማላያት ሰው ብዬ ይሆናል። ነገርኳት። ልጄ ሞግዚት እንደምትፈልግ፣ ካልተገኘች ሃምቡርግ እንደሚሄዱ። ብትገኝም... "ልጅቷ እላይ ቤት ሌላ ሰው ከለመደች፣ ሾርባውም ተረቱም እዚያው ከሆነ፣ ወደ እኔ ለምን ትወርዳለች? አርባ ሁለት ደረጃ ነው። ልጅ ያለ ምክንያት ደረጃ አይወርድም።"

ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ይህን ለሷ ነግረዋታል?"

"ለማን?"

"ለሞግዚቷ።"

"እንዴት ተደርጎ! ተፈታኝ እኮ ናት!"

አፏን ከፈተች፣ "ኪሪያ ስቲሊያኒ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት..." ስትል ሰዓቱ አሥራ ሁለት መታ። በዚያው ቅጽበት በር ላይ አንዲት ሴት። ግራጫ ቀሚስ፣ የታሰረ ፀጉር፣ በብብቷ የወረቀት ማኅደር። ደቂቃ ያላዛነፈች! እንኳን ደህና መጡ እንኳ ሳልላት ክንዷን ይዤ ወጥ ቤት አስገባኋት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ደብተሩን አወጣሁ።

"ዕድሜ?"

"አርባ አራት... ምነው?"

"ሲጋራ?"

"ኧረ በስመ አብ!"

"ልጅ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?"

"ልብሱን አቀልለታለሁ፣ ውኃ አጠጣዋለሁ፣ ሙቀቱን እለካለሁ። እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ።"

ስድስት! "ሰባት ጊዜ ስምንት?"

"ሃምሳ ስድስት," አለች፤ ፈገግ ብላ። አሮጊት አስተማሪ ሰው መጠየቅ ያምራታል ብላ አስባ ኖሯል። ዐሥራ ሰባት ጻፍኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ዐሥራ ሰባትን እንዲህ በቶሎ ሰጥቼ አላውቅም።

"ሥራው አዳር አለው። ለጊዜው ሦስት ሳምንት። ባለቤትዎ ይፈቅዳሉ?"

"አዳር?" ፈገግታው ጠፋ። "እሱን... እሳቸውን ብንጠይቅ አይሻልም? መኪና አቁመው ገብተዋል፤ ሳሎን ናቸው።"

"ባልዎን ይዘው ለፈተና መጡ?" ሁለት ነጥብ ቀነስኩ። በሩን ከፈትኩ።

ሶፋው ላይ አዲሱ የሰበካችን ቄስ ተቀምጠዋል። ጢማቸው ላይ የብርቱካን ሽሮፕ። በማኅደሩ ውስጥ ያለው የደብሩ የችግረኞች መዝገብ ነው። የቄስ ሚስት አዳር እንድትሠራ ለመንኩ!

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሳሎኑ በሣቅ ተናወጠ፤ በእኔ አይደለም። ትከሻ ሰፊዋ ሴት የጣፋጩን ትሪ ይዛ በወንበሮቹ መሐል ትዞራለች፤ ዳናኢ ከፊቷ።

"ቀጣዩ ፌርማታ፣ መድኃኒት ቤት! ወራጅ አለ?"

"አለ!" ይላል መድኃኒት ሻጩ፣ ኬኩን እያነሣ።

"በሩ ይዘጋል፣ እግራችሁን ሰብስቡ!" ትላለች ዳናኢ፤ የስልሳ ዓመት ተማሪዎቼም እግራቸውን ይሰበስባሉ።

በዚህ መሐል ሚርቶ ገባች። "ኪሪያ ላማራ! ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ከእናቴ ጋር ተዋወቃችሁ?"

ላማራ ትሪውን አስቀመጠች። እኔን አየችኝ። እኔ ቅዱስ ስቲሊያኖስን አየሁ። እሳቸው ሕፃኑን።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ፓጎና በደረጃው ላይ ያዘችኝ። "ለቄሱ ሚስት ዐሥራ ሰባት ሰጠሽ አሉ። ለቄሱስ?"

"አንቺ ነሽ ያመጣሻት!"

"ደጅ ቆማ ሰዓት እያየች ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ቀድማ። በስም ቀን ሰው ደጅ ይተዋል? እኔማ ያንቺ እንግዳ መስላኝ። አንቺ የኔ መሰለችሽ። እና ምን ጠፋ? ስንት አገኘች?"

አልተፈተነችም። ችግሩ ይህ ነው... እሷ ናት እኔን የፈተነችኝ። የልቤን ሁሉ ነግሬያት ነገ ጠዋት እንዴት "ምስሩ ቀጠነ" እላታለሁ?

ሚርቶ፦ "እማዬ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። ብቻ እሑድ ለሃምቡርግ መልስ እሰጣለሁ።" ጫማዋን አላየሁም። ዝቅ ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

አራት ሰዓት። ኬክ የቋጠርኩላትን ሳህን ልትመልስ ላማራ መጣች። ሳህኑ ላይ ሁለት "ጧፍ"። ወጥ ቤት ተቀመጥን።

"ደብተሩን ያውጡ," አለችኝ። "ልፈተን።"

አወጣሁ። ብዕሩን ያዝኩ። አንድም ጥያቄ አልመጣልኝም።

"እንግዲያው እኔ ልናገር። በአገሬ፣ በኩታይሲ ከተማ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ትሮሊ ነድቻለሁ፤ በሽቦ የሚሄደውን አውቶቡስ። ከዚያ እዚህ መጥቼ የሰዎችን ልጆች አሳደግሁ፤ ሥራው ያው ነው። መስመሩን የሚያወጣው ሹፌር አይደለም፣ ኪሪያ ስቲሊያኒ። ፌርማታውንም የሚመርጠው ሹፌር አይደለም። ይሰጠኛል፣ እቆማለሁ። ዝናብ ቢሆንም። የሚጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም። አንድ ሰው ሲጠብቅ አልፌ አላውቅም። የሚርቶ ቤት መነሻ ነው። የቀረውን እርስዎ ይንገሩኝ።"

ደረጃው ላይ ፓጎና ትንፋሿን ይዛ እንደምትሰማ ይሰማኛል።

"ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ። የኔ በር።"

"እሺ።"

"ከሰዓት በኋላ አሥር ተኩል። መጨረሻው ፌርማታ።"

"እሱስ የት ነው?"

እጄ ኪሴ ገባ። ከረቡዕ ጀምሮ ቁልፉ ኪሴ ነበር፤ ሳሎኑን ልቆልፍ ስል ሦስት ቀን... ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ሳሎኑ። ግን ሶፋው ላይ ቀለም ትደፋለች።"

"ትደፋለች," አለች ላማራ።

ሰው ሊቀጠር መጥቶ እንዲህ ይላል? አልዋሸችም። ሌላዋ ብትሆን "ኧረ እጠብቃታለሁ" ትል ነበር።

ወደ ላይ ጮህኩ፤ "ሚርቶ! ለሃምቡርግ ወንዛቸውን እንዲጠጡት ንገሪልኝ!"

ከደረጃው ላይ ጭብጨባ። ፓጎና።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ሚርቶ ሄደች። በሽፍን ጫማ መጥታ አቀፈችኝ። "ደብተሩን ጣይው" አለችኝ። አልጥልም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

ነጩ የሶፋ ጨርቅ ድንኳን ሆኗል። በእናቴ ሶፋ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈስሷል፤ ቅርጹ ድመት ይመስላል፤ ዳናኢ ስም አውጥታለታለች። ትናንት ሚርቶ ከኮሪያ ደወለች። "ልጄን አገናኙኝ።" "ሥራ ላይ ናት፣ ትኬት እየቆረጠች ነው" አልኳት። ምስሩን ዛሬ ላማራ ቀቀለችው። ጨው አነሰ። ተናገርኩ። "ነገ," አለችኝ።

ደብተሩን ገልጬ አየሁ። ከላማራ ስም አጠገብ ባዶ ነው። ከእኔም ስም አጠገብ ባዶ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር አገናኘኋቸውና ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ካፖርቴን ቆልፌ ከአንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ጀምሮ ደጃፌ ላይ ቆምኩ። ከላይ ድምፅ ሰማሁ፤ "ጥርስ መቦረሽ፣ ወራጅ የለም! አንደኛ ፎቅ፣ ኪሪያ ፓጎና!" ከዚያ እግር፣ እግር፣ እግር... አርባ ሁለቱንም ቆጠርኩ።

"ሁለት ደቂቃ ዘግይታችኋል," አልኩ።

"መንገድ ተዘጋግቶ ነው," አለች ላማራ። "ፓጎና ወሬዋን ይዛ ነው የምትሳፈረው።"

ዳናኢ ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ከካፖርቷ የተበጠሰች ቁልፍ። ትኬቴ ናት። "ያያ፣ ነገም እዚህ ትጠብቂያለሽ?"

"ሰዓቱ ከተከበረ።"

ነገ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እወጣለሁ። ቀድመው ቢመጡስ?